በገዛ ፈቃዷ ነው አልኳቸው

ሰው ሲያየኝ ዲኗን የያዘች ሴት ነች ይላል። ይህን የሚለው ሶላቴን ቆጥሮ ወይም ጎረቤቶቼን ጠይቆ አይደለም፤ ከራሴ እስከ እግሬ ጥቁር ስለምለብስ ነው። እንኳን ጥቁር ነጭ ለብሶ መንቀሳቀስም በሚከብድበት የሰመራ ሙቀት አባያዬን አጥልቄ፣ ሒጃቤን እስከ ወገቤ ለቅቄ ስሄድ መንገድ ይለቀቅልኛል። ባለ ባጃጁ በዕድሜ ቢበልጠኝም እንኳ "እናቴ ግቢ" ይለኛል። አንድ ጊዜ ግን ይኸው ልብስ ለውሸቴ ምስክር ቆሞልኛል። የምጽፈው ስለዚያ ቀን ነው።

የተወለድኩት ወሎ ነው። የእኛ አካባቢ ሴቶች እስልምናችንን በጨርቅ ብዛት አንለካም ነበር። እናቴ ሻሽ ታስራለች፣ ከፊት ለፊት ግን ፀጉሯ ይታያል። በላዩ ነጠላ ጣል ታደርጋለች፤ ሲወድቅ ታነሣዋለች፣ ካላነሣችውም ማንም ምንም አይላትም። ሶላቷን ግን አንድም ወቅት አታሳልፍም። እኔም እንደሷ ሻሼን ጣል አድርጌ ነው በአሥራ ሰባት ዓመቴ አዋሽ ሰባት ኪሎ የወረድኩት። የአገራችን ሰው ሆቴል ነበረው፤ አልጋ ላነጥፍለት፣ ምግብም ላቀርብለት ነበር የሄድኩት።

አዋሽ መንገደኛ የሚውልባት ከተማ ነች። የጅቡቲ መስመር ሾፌሮችና ረዳቶቻቸው፣ ለምሳ የሚቆሙ የአውቶቡስ ተሳፋሪዎች፣ ሁሉም ቸኩሎ ይበላል፣ ቸኩሎ ይሄዳል። ስለ ሰውም የሚፈርደው ቸኩሎ ነው። ፀጉሯ የሚታይ ትሪ የያዘች ልጅ ምን እንደሆነች ለማወቅ ደግሞ የሚያያት የለም፤ አንዴ አይቷት ጨርሷል። አንድ የከባድ መኪና ሾፌር ነበር፤ በመጣ ቁጥር እጄን ይይዛል። አንድ ቀን "ልቀቀኝ፣ እኔ ሙስሊም ነኝ" ስለው ጠረጴዛውን እየደበደበ ሳቀ።

"ታዲያ ይቺን ፀጉር ለማን ነው ያወጣሻት?" አለኝ።

አብረውት የተቀመጡት ሁሉ ሳቁ። ለባለ ሆቴሉ ስነግረው "ቻይው፣ ደንበኛ ነው" አለኝ። የአገሬ ሰው ነው ብዬ ነበር የነገርኩት፤ ከሾፌሩ ይልቅ እሱን ጠላሁት።

ከድሬዳዋ ልብስ እያመላለሰች የምትነግድ፣ ሁልጊዜ እኛ ጋ የምታድር ሴትዮ ነበረች። ጓሮ ልብስ እያጠብኩ ሳለቅስ አገኘችኝና ምን ሆነሽ ሳትለኝ ከሻንጣዋ ያገለገለ ጥቁር አባያና ሒጃብ አወጣች። "ልበሺውና የሚሆነውን እዪ" አለችኝ። ለበስኩት፤ ረዝሞብኝ ጫፉን አጠፍኩት።

ሾፌሩ በአሥራ አምስት ቀኑ ተመልሶ መጣ። ጥብሱን ይዤ ስቀርብ እጁን ከጠረጴዛው ላይ ሰበሰበ። ድምፁን ዝቅ አድርጎ "እህቴ፣ ውሃ ታመጭልኛለሽ?" አለኝ። እህቴ! እኔ ያው ነኝ። እጄም ያው ነው፣ የያዝኩት ትሪም ያው ነው። ጓዳ ገብቼ በደስታ አለቀስኩ። ዛሬ ሳስበው መናደድ ነበረብኝ፤ ሰው መሆኔን ለማየት ያን ሁሉ ጨርቅ የጠየቀው ሰውዬ ነው ማፈር የነበረበት። ያን ቀን ግን የታየኝ የእሱ ነውር ሳይሆን የጨርቁ ጉልበት ነው።

ከዚያ ወዲህ ወጣ ስል ጥቁር ያልለበስኩበት ቀን የለም። ያስገደደኝ የለም፤ ወድጄ ነው። እናቴ መጀመሪያ ያየችኝ ጊዜ "ልጄ፣ ሐዘን ላይ ነሽ እንዴ?" ብላ ሳቀችብኝ፣ እኔም ሳቅኩ፣ ግን አላወለቅኩትም። አሁንም አላወልቀውም። ልብሱ አልበደለኝም። በዳይ የሆንኩት እኔን ያዳነኝ ሌላውንም ሁሉ ያድናል ብዬ የተነሣሁ ቀን ነው።

የአገሬን ልጅ አግብቼ ሰመራ ገባሁ። ባሌ ከጅቡቲ በኩል ዕቃ ያመጣል፤ እኔ የሴት ልብስ ሱቅ ከፈትኩ፤ አባያ፣ ጅልባብ፣ ሒጃብ በየቀለሙ። ከሁሉ የሚሸጥልኝ ግን የአፋር ሴቶች የሚያስሩት ስስ ጥቁር ሻሽ ነበር። ይህን ሻሽ ያላወቀ ሰው ቀጥሎ የምነግረው ነገር አይገባውም። በገጠር ባሉት አፋሮች ዘንድ ያላገባች ልጅ ራሷን አትሸፍንም፤ ፀጉሯን ተጎንጉና ገልጣ ትሄዳለች። ጥቁሩን ሻሽ የምታስረው ስትዳር ነው። ሻሹን ያየ ሁሉ ባል እንዳላት ያውቃል፤ መጠየቅ አያስፈልገውም። ከተማ ያደጉት ልጆች ባለ ቀለም ሒጃብ አድርገው ትምህርት ቤት ይሄዳሉ፤ በዚያ ማንም ምንም አይልም። ጥቁሩ ግን የሚስት ነው። እኔም አውቅ ነበር፤ የሙሽራ እናቶች ሊገዙ ሲመጡ "ሙባረክ ይሁን" እያልኩ የምጠቀልልላቸው እኔ ራሴ ነበርኩ።

ልጅቱ ወደ ሱቄ የመጣችው አሥረኛ ክፍል ሳለች ነው። አፋርኛዬ ከሰላምታና ከዋጋ አያልፍም፤ ከትምህርት ቤት ስትወጣ እየመጣች ከገጠር ለሚመጡ ደንበኞቼ ታስተረጉምልኝ ነበር። አባቷ ከሰርዶ ወዲያ ግመል የሚያረባ ሰው ነው። ለትምህርት ብሎ ሰመራ ካለው ወንድሙ ቤት አስቀምጧታል። በባህላቸው ሴት ልጅ ለአባቷ እህት ልጅ ነው የምትሰጠው፤ አብሱማ ይሉታል። የእሷም አብሱማ እየጠበቃት ነበር። አባቷ ግን አሥራ ሁለተኛን ሳትጨርስ አልሰጥም ብሎ ከእህቱ ጋር ተጣልቶ፣ ታርቆ፣ በስንት ሽማግሌ ቃል አስገብቷል። ይህን ሁሉ እየሳቀች የነገረችኝ ራሷ ነች።

"ፀጉሬ እስከታየ ድረስ ተማሪ ነኝ" አለችኝ።

ወደድኳት። አማርኛዋ አንቱ የሚባል ነገር አያውቅም፤ ሽማግሌውንም ሹሙንም አንተ ነው የምትለው። ሒሳብ በቃሏ ትሠራለች፣ ከደንበኛ ጋር ትቀልዳለች። የተገለጠው ራሷ ግን ዓይኔን ይቆረቁረኝ ነበር። ሐሙስ ሐሙስ አብረውኝ ቁርአን የሚቀሩ የቂርአት ሴቶች ደግሞ አላስቀመጡኝም። "አንቺ ሒጃብ ትሸጫለሽ፣ የሱቅሽ ልጅ ራሷን ገልጣ ትቀመጣለች፤ ዳቦ ቤት ከፍቶ ጦም ማደር ማለት ይኼ ነው" አለችኝ አንዷ። ሁሉም ሳቁ፤ እኔም የሳቅኩ መሰልኩ።

በማግስቱ ከመደርደሪያው ስስ ጥቁር ሻሽ አወረድኩ። ወፍራም ሒጃብ ሳልሰጣት ያን የመረጥኩት ለሙቀቱ አስቤላት ነው፤ ደግነትም ነበረበት።

ሻሹን ይዛ አየችኝ። "እትዬ፣ ይኼ የሚስት ነው። ሰው ካየኝ አግብታለች ይላል።"

"ሙስሊም አይደለሽም?"

"አልሐምዱሊላህ፣ ነኝ።"

"ዲን ነው ወይስ ባህል የሚበልጠው?"

"ዲን።"

"በቃ፣ እሰሪው።"

ወደ መደርደሪያው ቀና አለች። "እንግዲያ ያን አረንጓዴውን ስጪኝ" አለች።

አረንጓዴውን ብሰጣት ኖሮ ይህ ሁሉ አይመጣም ነበር። ሒጃብ ነው፤ ራሷም ይሸፈናል፣ ማንም ሚስት አይላትም። እኔ ግን በነገሩ መሸነፍ አልወድም። "ቀለም ዓይን ይስባል። መሸፈን ከሆነ በደንብ ነው" አልኳት። ሳይቸግር ጤፍ ብድር ይሏል እኔን ነው። ልጅቱ ራሷ ያላስጨነቃትን ነገር እኔ ተጨነቅኩበት።

አሰረችው፤ ሱቅ ውስጥ ብቻ። ስትገባ ታስረዋለች፣ ስትወጣ ፈትታ ደብተሯ መሃል ትከተዋለች። እኔ ስትፈታው አላየሁም ነበር። ለቂርአት ሴቶች "የሱቄ ልጅ በገዛ ፈቃዷ ተሸፈነች" ብዬ ነገርኳቸው። "ማሻአላህ፣ አጅሩ ላንቺ ነው፣ አላህ ይመንዳሽ!" አሉኝ፤ ያቺ የዳቦ ቤቷ እንኳ አቅፋ ሳመችኝ። በገዛ ፈቃዷ የሚለውን የጨመርኩት እኔ ነኝ። በእኛ ዘንድ አስገድዶ ማልበስ ዋጋ የለውም፤ ወዳ ስትለብስ ነው ምስጋናው።

ሁለት ወር ያህል እንደዚህ ሄደ። አንድ ቀን ሎጊያ ላለች ደንበኛ የታሸገ ዕቃ እንድታደርስልኝ ላክኋት። በሩ ላይ ቆማ ሻሹን ስትፈታ አየኋት። ሱቁ ውስጥ ሦስት ሴቶች ነበሩ።

"አላህ የሚያይሽ ሱቅ ውስጥ ብቻ ነው?" አልኳት፣ ጮክ ብዬ።

ሴቶቹ ዞረው አዩዋት። ፊቷ ተለወጠ። ሻሹን መልሳ አሰረች፣ ዕቃውን አንሥታ ወጣች። እኔ ደንበኞቼ ፊት በቆምኩበት ኮራሁ። ውጪ ፀሐዩ ያቃጥል ነበር፤ ከሰመራ ሎጊያ በባጃጅ ሄዳ፣ ገበያውን በእግሯ አቋርጣ፣ ዕቃውን አድርሳ እስክትመለስ አንድ ጊዜም አልፈታችውም።

ሎጊያ ገበያ ውስጥ የአክስቷ ቤተሰቦች ነበሩ። አዩዋት፤ አልጠየቋትም። አፋር ምድር ላይ ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ቆሞ፣ ቁጭ ብሎ ያየውንና የሰማውን ይነጋገራል፤ ዳጉ ይሉታል። በዳጉ መዋሸት ትልቅ ነውር ነው፣ ስለዚህ ወሬው ይታመናል። እነሱም የተናገሩት ያዩትን ብቻ ነው፤ ልጅቱ የሚስት ሻሽ አስራ ገበያ መሃል ስትሄድ አየናት አሉ። ወሬው ከስልክ ፈጥኖ ከሰርዶ ወዲያ ያለው አባቷ ጋ ደረሰ። ከተማ ውስጥ አንድ ሰው በስውር አግብቷታል፣ የአክስቷ ልጅ ተንቋል፣ የተገባው ቃል ፈርሷል ተባለ። በአምስተኛው ቀን አባቷ ሰመራ ገባ።

ልጅቱ ጠዋት ትምህርት ቤት ሳትሄድ እኔ ጋ መጣች። ራሷን ገልጣለች። ዓይኗ አብጧል።

"ነገ ይጠሩሻል" አለችኝ። "እኔ ነኝ ያለበስኳት በያቸው። ሌላ ምንም አትበይ። ካላልሽ ትምህርቴ አለቀ።"

"ኢንሻአላህ፣ እላለሁ" አልኳት። ወላሂ ከልቤ ነበር።

በማግስቱ ከዐሱር ሶላት በኋላ አጎቷ ግቢ ሄድኩ። ዳስ ጥላ ሥር ሰሌን ተነጥፎ አምስት ሽማግሌዎች ተቀምጠዋል። አባቷ ቀጭን፣ ፂሙን ሒና የቀባ ሰው ነው፤ በትሩን ጉልበቱ ላይ አጋድሟል። ተነሥቶ በአክብሮት ሰላም አለኝ፣ የቤተሰቤንም ደኅንነት ጠየቀኝ። ልጅቱ ጥግ ላይ ከአጎቷ ሚስት አጠገብ ተቀምጣለች። ሁልጊዜ በእኔና በአፋርኛ መካከል የነበረችው እሷ ነበረች፤ ዛሬ ግን የሚያስተረጉመው አጎቷ ነው።

አጎቷ በአማርኛ ጀመረ። "ልጅቱ የሱቁ እመቤት ናት ያለበሰችኝ ትላለች" አለ። "በከተማው ደግሞ፣ ከደጋ የመጡ ነጋዴዎች የልጆቻችንን አለባበስ በግድ እየለወጡ ነው የሚል ሮሮ አለ። እንዲህ ከሆነ ለእናንተም ጥሩ አይደለም። አንቺን ግን እናያለን፤ ዲን ያለሽ ሴት ነሽ፣ አለባበስሽ ይናገራል። እንዲህ የለበሰች ሴት አትዋሽም። ያልሽውን እንቀበላለን።"

ሽማግሌዎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ። አንድ ቃል ነበር የሚጠበቅብኝ። ግን ሮሮ የሚለውን ስሰማ ሱቄ ታየኝ፤ በራፉ ላይ የሚሰበሰብ ሰው ታየኝ። ከሱቁም በላይ ደግሞ፣ መናገር ያሳፍራል፣ የቂርአት ሴቶች ናቸው የታዩኝ። አስገድዳት ነው ለካ ሲሉ፣ አጅሩ ቀርቶ መሳቂያ ስሆን። ከሾፌሩ ሳቅ ወዲህ የሚሳቅብኝ ቦታ ላይ መቆም አልችልም።

"እኔ አላስገደድኳትም" አልኩ። "በገዛ ፈቃዷ ነው የለበሰችው።"

አጎቷ አስተረጎመው። ሽማግሌዎቹ ወደ ልጅቱ ዞሩ። ለእነሱ አንዲት ልጅ በገዛ ፈቃዷ የሚስትን ሻሽ አሰረች ማለት ባል አላት ማለት ነው፤ ሌላ ትርጉም የለውም። ይህን አውቅ ነበር? ሌላ ቦታ የዋሸሁት ይበቃኛል። አውቅ ነበር። ስናገረው ለራሴ ብቻ እያሰብኩ ነበር እንጂ አውቅ ነበር።

ልጅቱ ቀና ብላ አየችኝ። አልጮኸችም፣ አላለቀሰችም። በአፋርኛ አንድ ነገር ለአባቷ ተናገረች፤ አባቷ እሷን ሳይሆን እኔን፣ ጥቁር ልብሴን አየና ራሱን ወዘወዘ። ከዚያ አንድ ጥያቄ ጠየቃት። ያን ጥያቄ አጎቷ አላስተረጎመልኝም።

ከአፍ የወጣ አፋፍ ይላሉ። ወደ ቤቴ ስመለስ፣ ነገ ሄጄ አስተካክለዋለሁ እያልኩ ነበር። በማግስቱም እንዲሁ አልኩ። ባሏ ነኝ ብሎ የቀረበ ሰው ስላልተገኘ በሳምንቱ መጨረሻ ወስደዋት ለአክስቷ ልጅ ዳሯት፤ ስም ሳይወጣባቸው ቶሎ መክደን ነበረባቸው። ወሬውን ለቂርአት ሴቶች ስነግራቸው "አልሐምዱሊላህ፣ ተሸፍና፣ ተዳረች፤ ሰበቡ አንቺ ነሽ" ብለው መረቁኝ። አሚን አልኩ። ከዚያ በኋላ ለብዙ ጊዜ ቂርአት አልሄድኩም፤ አሞኛል እያልኩ ቀረሁ።

ከአራት ዓመት በኋላ ወደ ዲቾቶ ዕቃ ይዤ ስሄድ ሚኒባሱ ጎማ ተበላሽቶበት ሰርዶ ቆምን። ከመንገዱ ዳር፣ የቆሙ ከባድ መኪኖች ጥላ ውስጥ፣ የታሸገ ውሃ የምትሸጥ ሴት ነበረች። ጥቁር ሻሽ አስራለች፣ ጭኗ ላይ ሴት ልጅ ተኝታለች። "ውሃ ስጪኝ" ስላት ቀና አለች።

"እትዬ! ወፍረሻል" አለችኝና ሳቀች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

አጠገቧ ድንጋዩ ላይ ተቀመጥኩ። ስለ ልጇ ጠየቅኳት፣ ስለ ሙቀቱ አወራን። ገንዘብ ስሰጣት አልቀበልም አለች፤ እንግዳዬ ነሽ አለች። ከዚያ በላይ አልቻልኩም።

"አውፍ በይኝ፣ ይቅር በይኝ" አልኳት። "ሽማግሌዎቹ ፊት የተናገርኩት ውሸት ነው። ያለበስኩሽ እኔ ነኝ፤ አንቺ እንቢ ብለሽ ነበር።"

"እኔ አውቀዋለሁ እኮ" አለች። "ለእኔ ምን ትነግሪኛለሽ?"

"አባትሽ የት ነው ያለው? ዛሬውኑ እሄዳለሁ። እግሩ ላይ ወድቄ እነግረዋለሁ። ባልሽም ይስማ።"

"ባሌ ያውቃል። ክፉ ሰው አይደለም።" የልጇን ፊት በእጇ ከለለችላት፤ ጥላው እየሸሸ ነበር። "አባቴ ባለፈው ረመዳን ሞተ።"

ኢንና ሊላሂ ወኢንና ኢለይሂ ራጂዑን አልኩ። ሾፌሩ ጎማው ተሠርቷል ብሎ ጠራን። አልተነሣሁም።

"ስትመጪ እጠብቅ ነበር" አለችኝ። "መጀመሪያው ዓመት ላይ፣ መኪና ሲቆም ሁሉ እመለከት ነበር። አባቴ ስታመም መጥቶ የዚያን ቀን ጥያቄውን ይጠይቀኛል፣ ስወልድም መጥቶ ይጠይቀኛል። ሊሞት ሲል አጠገቡ ነበርኩ። 'ከእንግዲህ አልቆጣሽም፣ ሰውየው ማን እንደነበር ብቻ ንገሪኝ' አለኝ። የምነግረው ስም አልነበረኝም።"